እንደ ግብዓት የተወሰደችው ፀሐይ

ጥያቄ እየሰበሰበ የማይመልስ መድረክ መሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ትልልቅ ሰዎችን መዳፈር አልወድም፤ ይህ ሰው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደባርቅ ውስጥ በተደረገ የሳይንስ ቀን መድረኩን የሚመራው እሱ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ከድብ ባሕር በአውቶቡስ የመጡ ገበሬ እናት እጃቸውን አወጡ።

«የላከችኝ ልጄ ናት። ወደ ስሜን ተራራ በወጣን ቁጥር ወደ ፀሐይ እንቀርባለን፤ ታዲያ ብርዱ ለምን ይብሳል? አስተማሪዋን ብትጠይቀው ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ተቀምጣለች።»

«ግሩም ጥያቄ ነው እናታችን። ሌሎችም እንሰብስብና አንድ ላይ እንመልሳለን» አለ።

ተሰበሰበ። አንዱ ፀሐይ ማገዶዋ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀ፤ ሌላው ከአቶም የሚያንስ ነገር በምን እንደሚታይ። ሰውዬው ሁሉንም አዳምጦ ምን አለ መሰላችሁ? «ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። እንደ ግብዓት ወስደናቸዋል።»

ፀሐይና አቶም በምን ተመሳሰሉበት? የቀበሌ ዕቅድ መሰሉት? እኔ ልመልስ ብዬ እጄን ሳወጣ «ሰዓት የለንም» አለኝ። የሌለውን ሰዓት ግን እንግዶቹን በየማዕረጋቸው ሲያመሰግንበት ቆየ። በመጨረሻም የዕለቱ ሪፖርት ተነበበ፤ «ከሕዝቡ ለተነሡ ጥያቄዎች ሁሉ በቂ ምላሽ ተሰጥቷል» ይላል። ተጨበጨበ።

እናትየዋም አብረው አጨበጨቡና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው መሰል፣ አልሰማሁም። ለልጅቱ እንድነግራት፣ ምን ብለው ነው የመለሱት?»