የፎቶ ቤቱ ኮት

ካርቱም ውስጥ ሁለት ሐበሾች ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ጤና ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። «እንዴት ነህ?» የሚባለው ለወጉ ነው። ዋናው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል፦ «ስንት ቀረህ?» የማያውቅ ሰው ቢሰማ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው በሽተኞች ይመስሉታል። ነገሩ ግን ስለ ኢቃማ ነው፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ካርዱ። ስድስት ወር የቀረው ደረቱን ነፍቶ በመሀል መንገድ ይሄዳል፤ አንድ ሳምንት የቀረው ፖሊስ ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ ጫማውን ያስራል። እኔ እንግዲህ የዚህ ዕድሜ አራዛሚ ነኝ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ተሰድጄ ስመጣ አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬ የአንድ ብስኩት ፋብሪካ መንዱብ ነኝ፤ የአገሬን ልጆች ፓስፖርት በፌስታል ይዤ ከመስኮት መስኮት የምዞር ጉዳይ አስፈጻሚ። ፎቶ ሲያስፈልግ ሠራተኞቹን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወዳለ አንድ ፎቶ ቤት እወስዳቸዋለሁ። እዚያ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት አለ። ከዱቄት መሀል የመጣውም፣ ብየዳ ላይ የዋለውም እሱኑ ይለብሳል። እጅጌው ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል፤ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔ ፎቶዎቹን በፊታቸው ደፍቼ ጀርባቸው ላይ ስም እጽፋለሁ፤ የተረፉትን ፖስታ ውስጥ አኖራለሁ። አንድ ቀን ፖስታው ተዘርግፎ አርባ ሰው ባንድ ኮት ሆኖ አፈጠጠብኝ። ደስ አላለኝም። ቶሎ ብዬ ከተትኳቸው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ታጠረ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ተኩስ በጠራራ ፀሐይ ይሰማ ጀመር። ሠራተኞቹ የሚያድሩት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ጀብራ ሰፈር ለብቻው ተከራይቶ የሚኖረው ደምሴ ብቻ ነበር፤ ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው በያጅ፣ ዘመድ የሌለው፣ ወሬም የማያበዛ። ሥራ ሲጀመር ሁሉም ተገኘ፣ ደምሴ ቀረ።

የደምሴ ሰፈር የሱዳን ልጆች እኛ ዘንድ መጥተው «ፎቶውን ስጠን፣ እንፈልገዋለን» አሉኝ። የራሳቸው ሰው ያልሆነውን ለመፈለግ መጨነቃቸው ልቤን ነካው። ከፖስታው ውስጥ ጀርባው ላይ «ደምሴ» የሚለውን መዝዤ ሰጠኋቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ከጀብራ እስከ ሱቅ ዐረቢ ተለጠፈ፤ ከላይ «መፍቁድ»፣ የጠፋ ሰው ይላል፣ ከሥሩ ፎቶው አለ። እኔም አንዱ ግድግዳ ጋ ቆሜ ጽሑፉን አነበብኩ። ስሙ በትክክል ተጽፏል። አንብቤ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ኢቃማ ላሳድስለት ሙሉጌታን ይዤ ወጣሁ። ሙሉጌታ የምድጃ ሠራተኛ ነው፤ ሊያልቅበት አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞራ አየችው። ደግማ ዞረች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ባሏን እጁን ያዘች። ረዳቱ ከሁሉም ሒሳብ ሲቀበል ሙሉጌታ የዘረጋውን ሳይቀበል አለፈው። ሱቅ ዐረቢ ስንወርድ አንዲት ሻይ ሻጭ ከበርጩማዋ ተነሥታ መጣችና እጅጌውን ቀስ ብላ ነካች፤ ሥጋ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል።

«ያ ዞል፣ ኢንታ ሐይ?» አለችው። አንተ ሰው፣ በሕይወት አለህ?

ሙሉጌታ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰዉ ዛሬ ምን ሆኗል? ፊቴ ላይ ዱቄት አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩት፣ ሳላየው።

ሴትየዋ ከኋላችን ያለውን ግድግዳ ጠቆመችን። ሙሉጌታ እዚያ ጥቁር ኮት ለብሶ ያየናል። የቆመው ሙሉጌታ የተለጠፈውን ትኩር ብሎ አየው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መቼ ነው የጠፋሁት?»

ሁለቱን ፎቶ ያስነሣኋቸው ባንድ ቀን እንደነበር፣ ስማቸውንም የጻፍኩት ፎቶዎቹን በፊታቸው ደፍቼ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከፌስታሉ የሙሉጌታን ማመልከቻ አወጣሁ። በገዛ እጄ የለጠፍኩበት ፎቶ የደምሴ ነው። ያኔ ፊቱን አየሁት። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ፓስፖርቱ የሚያልቅበትን ቀን በቃሌ አውቃለሁ እኮ፤ ጠባሳውን ግን አላውቀውም ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኢቃማውን ትተን ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርን። ሦስተኛው ላይ የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ማመልከቻው ላይ ያለውን ፎቶ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ቀና ብለው ሙሉጌታን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ፎቶው ላይ ያለው እዚህ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ልጆች ሁለት ጊዜ መጥተዋል። የዚህን ሰው ሥዕል ይዘው» ብለው ወደ ሙሉጌታ ጠቆሙ። «ሬሳውን አስተያዩና ‹እሱ አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ› ብለው ሄዱ። ትናንት ተቀበረ።»

መቃብሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙን ጻፍልኝ አሉኝ። ፎቶውን ከማመልከቻው ላይ ላጥኩት። እንደ ልማዴ በፊቱ ልደፋው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረግኩ፣ ኮቱ ላይ፣ በዐረብኛም በአማርኛም «ደምሴ» ብዬ ጻፍኩ።

የሙሉጌታ ኢቃማ በሦስተኛው ቀን ታደሰለት፤ አንድ ዓመት አለው። ልጆቹ ወረቀቱን ከግድግዳው ሊልጡ ሲመጡ ግን የከለከላቸው ራሱ ነው። «ተዉት፤ ደምሴን የፈለገ ሌላ ወረቀት የለም» አላቸው። እነሱም ተዉት። ከፎቶ ቤቱ ማዶ ያለው እስካሁን አለ፤ ሠራተኞች ይዤ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ዝናቡ ፊቱን አጥቦ ጨርሶታል። የቀረው ኮቱ ነው።