ከንቲባው ለሰርግ ቡታጅራ የመጡ ዕለት

በዚህ አገር ካሉት ሹመቶች ሁሉ እንደ አዲስ አበባ ከንቲባነት የሚያሳዝነኝ የለም። ሚኒስትር የሆነ ሰው ምን እንደሚሠራ በውል የሚያውቅ ስለሌለ አልሠራህም ብሎ የሚወቅሰውም የለም። ከንቲባ ግን ምን መሸሸጊያ አላቸው? ውሃ ሲጠፋ እሳቸው፣ ውሃ በዝቶ ጎርፍ ሲሆን እሳቸው። ታክሲ ሲጠፋ እሳቸው፣ ታክሲ በዝቶ መንገድ ሲዘጋ አሁንም እሳቸው። ይህን ሁሉ እያወቀ ወንበሩን እምቢ ያለ ሰው ግን እስከዛሬ አልሰማሁም። ምን ቢኖረው ነው?

ቡታጅራ ተቀምጠህ ስለ አዲስ አበባ ከንቲባ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አያገባኝም? እስቲ እዚህ ከተማ የፈለጋችሁትን በር አንኳኩና "ልጆችዎ የት ናቸው?" በሉ። አንዱ መርካቶ፣ አንዷ ጀሞ፣ አንዱ አየር ጤና። በከንቲባው ከተማ ውስጥ አንድ መንገድ ለጥገና ቢዘጋ፣ እዚህ እኛ ጋ ልጁ ብር መላክ አቅቶት ዘይት ሳይገዛ የሚያድር ቤት አለ። እኛ ድምፅ አልሰጠናቸውም፤ ግማሽ ጓዳችን ግን በእሳቸው እጅ ነው።

ታዲያ እኚህ ትልቅ ሰው ቡታጅራ ለሰርግ እየመጡ ነው ቢባል ምን ይሆናል? ምን እንደሚሆን አይቻለሁና ላጫውታችሁ።

ሰርጉ የእህቴ ልጅ ነበር። እህቴ አገና ትኖራለች፤ ልጇ የቡታጅራውን የጋሽ ንዳን ልጅ ሊያገባ ነው። ጋሽ ንዳ እህል ነጋዴ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም፤ እንግዳ ከደጁ ቅር ብሎት እንዳይሄድ ደግሞ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እኔ የሙሽራው አጎት ብሆንም ነዋሪነቴ ቡታጅራ ስለሆነ "አንተ እዚያው ሆነህ ጠብቀን" ተብዬ በጠዋት ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ስደርስ ነገሩ ሁሉ ግራ ሆነብኝ። ከድንኳኑ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮረኮንች ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ከፊት ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎች "ለጊዜው ነው" ተብለው ከድምፅ ማጉያው ሥር ተወሽቀዋል። በእነሱ ቦታ ከሆቴል የመጣ፣ እጀታው ወርቅ የተቀባ ወንበር ብቻውን ጉብ ብሏል። ጋሽ ንዳ በላብ ተጠምቆ ወጥ ቤቱን ያተራምሳል፤ ለክትፎው ሌላ ቅቤ ይነጠር፣ ቆጮው ይቀየር፣ አይቡ ይሸፈን ይላል። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቀው እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ እሱ ምስጢር በሚለው፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው በሰማው ድምፅ፣ "ከንቲባው እየመጡ ነው! የአዲስ አበባው! እህትህ ናት ደውላ የነገረችኝ!" አለኝ።

እህቴ? እህቴ ከቀበሌዋ ሊቀመንበር በላይ የምታውቀው ባለሥልጣን የለም። እሱንም ቢሆን የምታውቀው ጎረቤቷ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ጥያቄ የሚያነሳ ማን አለ? እኔም አላነሳሁም። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ጫማዬን ላስጠርግ ወጣሁ። ሊስትሮው ጋ ስደርስ ሰው ተሰልፏል።

ረፋዱ ላይ መስታወቱ የጠቆረ መኪና ከአዲስ አበባ በኩል፣ ከቡኢ አቅጣጫ መጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። እልልታው ቀለጠ። መድረክ መሪው "ክቡር ከንቲባ" የምትለዋን ቃል እስትንፋሱ እስኪያልቅ ጎተታት። በሩ ተከፈተ። ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ኬንቲ!

ኬንቲ የአጎቴ ልጅ ነው። መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹመት አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበርና ለራሱ ያጣውን ለልጁ ሰጥቶ ከንቲባ ብሎ ስም አወጣለት። እኛ ኬንቲ፣ ኬንቲ ስንለው ሙሉ ስሙን ከረሳነው ቆይቷል። እህቴ ግን አዲስ ዘመድ ፊት ቁልምጫ ነውር መስሏት፣ "ከንቲባ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ቦታ ያዙለት" ብላ ደወለች። እሷ "ይመጣል" ያለችው ጋሽ ንዳ ጆሮ ሲደርስ "ይመጣሉ" ሆነ። ኔትወርኩ ይሁን ምኞቱ እንጃ። ጥቁሩ መኪናም ቢሆን የጓደኛው ነው። የራሱ መኪና መለዋወጫ ታጥቶለት ቆሟል።

ልጮህ አሰብኩ፤ ግን ከማጉያው ጋር ማን ይታገላል? ኬንቲም በበኩሉ "ለካ ቡታጅራ የሙሽራ ዘመድ እንዲህ ነው የሚከበረው" ብሎ ባለወርቁ ወንበር ላይ ተንፈላሰሰ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ፣ "እኔ በቴሌቪዥን የማያቸው እኮ እንዲህ አይደሉም" አለ። ጎረቤቱ "ቴሌቪዥን ሰው ይለውጣል" ብሎ ዝም አሰኘው።

ማይክ ሰጡት። ኬንቲ ተነስቶ "እኔ ንግግር አላውቅም" አለ፤ ተጨበጨበ። "ከመርካቶ ነው የመጣሁት፤ ነጋዴ ነኝ" አለ፤ አንዱ "ከሕዝብ የወጣ!" ብሎ ጮኸ። "ብዙ ቃል ልገባላችሁ አልችልም፤ ልጆቹ ይውለዱ ይክበዱ" ሲል ግን ድንኳኑ ሊነቀል ምንም አልቀረው። ቃል አልገባም የሚል ከንቲባ የት ታይቶ ያውቃል?

ይህ ሁሉ ሲሆን ሙሽራው የት ነበር? ውጪ! ከአገና የመጡት ሚኒባሶች በር ላይ ተገትረዋል። የሙሽራዋ ወገን በር ይዞ "አናስገባም ሰርገኛ" የሚለው ጨዋታ ዛሬ የምር ሆኗል። "ክቡርነታቸው ንግግር ላይ ናቸው!" የእህቴ ልጅ ከነሙሉ ልብሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሚዜዎቹ በኮታቸው ያራግቡለታል። እህቴ ከኋላ ሆና "ማነው የሚናገረው?" ትላለች። "ከንቲባ" ይሏታል። "ታዲያ ኬንቲ መቼ ነው ተናጋሪ የሆነው?" ትላለች። የሚሰማት የለም።

ሄጄ ለጋሽ ንዳ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ትንሽ አሰበና በእውነተኛ ሹክሹክታ፣ "አፍህን ዝጋ!" አለኝ። "ሽማግሌ አስነስቼ የመለዋወጫ ነጋዴ አስቀመጥኩ ብዬ ነገ በየትኛው ፊቴ ነው ገበያ የምወጣው? ሰርጉ እስኪያልቅ ከንቲባ ነው።"

"በምን ሥልጣንህ ሾምከው?" አልኩት።

"ሌሎቹ ሲሾሙ አንተን አማክረውህ ያውቃሉ?" አለኝ።

ሄጄ ከኬንቲ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሙሽራው ገባ፣ ምሳው ቀረበ። ኬንቲ ግን አንዲት ጉርሻ ሳይቀምስ ሰው ከበበው። አንዱ ኮንዶሚኒየም ይፈልጋል፤ አንዱ የታክሲ ስምሪት። አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ የቀረ ልጁን "ቤተሰብህን ጠይቅ" ብለው እንዲቆጡለት ይለምናል። ኬንቲ ወደ እኔ ዞር ብሎ "እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?" አለኝ። በጆሮው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቁ መጣበት፤ ቀጥሎ ደነገጠ። ብድግ ሊል ሲል እትዬ ኸዲጃ እጁን ያዙት።

እትዬ ኸዲጃ የጋሽ ንዳ ጎረቤት ናቸው። ለሙስሊም እንግዶች በተዘጋጀው ድንኳን የቀረበላቸውን ምሳ ትተው ነው የመጡት። "አሰላሙ አለይኩም" አሉና እጁን ሳይለቁ ቀጠሉ። "ልጄ አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እርጉዝ ናት። ውሃው ፎቁን አይወጣም፤ ከታች በጀሪካን ነው የምትሸከመው። ባሏ ሹፌር ነው፤ መንገድ ነው የሚያድረው። ወላሂ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። ሌላ ምንም አልጠይቅዎ። ውሃው ብቻ ፎቁን ይውጣላት።"

ኬንቲን ላብ አጠመቀው። "እናቴ፣ እኔ እኮ ከንቲባ አይደለሁም። ማለቴ፣ ከንቲባስ ነኝ፤ ግን ስሜ ነው እንጂ ሥራዬ አይደለም" አለ።

እትዬ ኸዲጃ አልተቆጡም። እጁን ለቀቁትና ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይሁን ልጄ። ከአንተ በፊት የጠየቅኳቸውም ሁሉ ሥራዬ አይደለም ነው ያሉኝ" አሉት።

እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። የኬንቲም ፊት ተለወጠ። ወንበሩን ትቶ ከእሳቸው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና "ልጅዎ የት አካባቢ ነው ያለችው?" አላቸው። የስልክ ቁጥሯን ተቀበለ። ክትፎው እንደቀረበ በረደ።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ነገሩን እዚያው ረሳሁት። ሰርግ ላይ ስልክ የማይቀበል ማን አለ? ኬንቲ ግን አዲስ አበባ በተመለሰ በማግስቱ በርሜልና አንዲት ትንሽ የውሃ ፓምፕ አስጭኖ ሄደ። ሠራተኛ ይዞ ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ቱቦ አስዘረጋ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉትም ሳይለምኑ ደረሳቸው። ልጅቷም በሰላም ተገላገለች።

ከወራት በኋላ እትዬ ኸዲጃን ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት አገኘኋቸውና አብረን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ላይ የአዲስ አበባ ከንቲባ ችግኝ ይተክላሉ።

"እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?" አሉኝ።

"የአዲስ አበባ ከንቲባ ናቸው" አልኳቸው። መቼም አሁን እውነቱን መናገሬ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

እትዬ ኸዲጃ ቴሌቪዥኑን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዬ! ያንን ልጅ አነሱት በለኛ! ውሃውን ፎቅ ሲያወጣ አዩታ!"