አሮጌውን በር የሚጠብቁት ጋሽ ጠርጥር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ፀሐይ ወጣች ቢሉት ተነስቶ መስኮት ከፍቶ ካላየ "እንደምን አደራችሁ" የማይል። በዚያ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ጠርጥር ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ የለም። የደመወዝ ክፍሏ ሴትዮ ታውቅ ይሆናል፤ እሷንም አያምኗትም።

አሳንሰር አይገቡም። የግድግዳውን ሰዓት በእጃቸው ሰዓት፣ የእጃቸውን በስልካቸው፣ ስልካቸውን ደግሞ በር ላይ ባለው ዘበኛ ያረጋግጣሉ። ሻይ ያመጣችላቸው ሴት "ስኳር አለው" ብትል መልሳቸው አንድ ነው፦

"አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

ይህች ጥያቄ ከሁሉ በላይ የምታንገበግባት ፊት ለፊታቸው የምትቀመጠውን ባለሙያ ነበር። የላቦራቶሪው ሰርቨር የኔትወርክ አድራሻው እንዲቀየር ሲወሰን ሥራው ለእሷ ተሰጠ፤ ብቻዋን የተረከበችው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ። የደም ውጤት ለሐኪሞቹ የሚደርሰው በዚያ ሰርቨር በኩል ነው። አድራሻው ተቀይሮ አንድ ማሽን ወሬው ካልደረሰው፣ ውጤቱን ይዞ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ይውላል፤ በሽተኛውም አልጋው ላይ ሲጠብቅ። እሷ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ "ምንም አይቋረጥም" ብላ ቃል ሰጥታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀየረችው። አዲሱን የአድራሻ ቁጥር ለሰርቨሩ ሰጠች፣ ማሽኖቹ ሰርቨሩን በስሙ ጠርተው ቁጥሩን የሚያገኙበትን የኔትወርኩን የስም መዝገብ አስተካከለች፣ በየክፍሉ ዞራ ሞከረች። ሁሉም ሠራ። ሥራ አስኪያጁ ደወሉ፦ "ጎሽ የኔ ልጅ! በይ አሮጌውን አድራሻ ዝጊና ሥራው አልቋል ብለሽ ፈርሚልኝ።"

ጋሽ ጠርጥር ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አይዘጋም! ሰርቨሩ ለጊዜው ሁለቱንም አድራሻ ይያዝ። በአሮጌው በር ማን እንደሚያንኳኳ እኔ እጠብቃለሁ።"

"ጋሼ፣ ሁሉም ክፍል ደህና ነን ብሏል እኮ።"

"አይተሽ ነው ሰምተሽ?"

"አይቼ!"

"ሳይበራ የቆየውንም ማሽን?"

ወደ ስክሪኗ ዞረች። እኔን ነው ያላመኑኝ አለች በልቧ።

ጋሽ ጠርጥር ሰኞም ማክሰኞም ስክሪኑ ፊት ተተከሉ። አጠገባቸው ሽፋኑ ላይ "ተጠርጣሪዎች" የሚል ደብተር አለ። አላፊ አግዳሚው "ጋሼ፣ ሌባው ተያዘ?" ይላቸዋል። "ሌባ በጥድፊያ አይያዝም" ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ሥራ አስኪያጁ በቀን ሁለቴ እየደወሉ "እስካሁን አልፈረምሽም?" ሲሉ እሷ ከንፈሯን ነክሳ "ነገ" ትላለች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አሮጌው በር ተንኳኳ።

"መጣ!" አሉ ጋሽ ጠርጥር። በደረጃ ተንደርድረው ወረዱ፤ እሷም ተከተለቻቸው። የሕፃናት ክፍል የደም መመርመሪያ ማሽን ተበላሽቶ፣ ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ሳይበራ የቆየው መጠባበቂያ ያን ጠዋት ሥራ ጀምሯል። ሐኪሟ የአንዲት ሕፃን ውጤት እያነበበች "ደም አዘጋጁ፣ ቶሎ!" ትላለች። ውጤቱ የመጣው በአሮጌው አድራሻ ነው። ቅዳሜ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ...

ባለሙያዋ የማሽኑ ጎን ላይ አሮጌው ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎ የተለጠፈ ወረቀት አየች።

"ሰርቨሩን በስሙ መጥራት ሲቻል ቁጥሩን በእጁ የሞላበት ማን ነው?"

ጋሽ ጠርጥር መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ጽሕፈቱ የእኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ማሽኑን አስተካክላ፣ ሦስት ጊዜ ሞክራ ተመለሰች። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። የቅዳሜ ቀን ተጽፎበታል፤ ከሥሩ "አንደኛ፦ ራሴ" ይላል። ወረድ ብላ የራሷን ስም ፈለገች። ዘበኛው አለ፣ ሥራ አስኪያጁ አሉ፣ የፋርማሲው ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እሷ የለችም።

"ጋሼ፣ እኔን ረሱኝ እንዴ?"

"ምን ብዬ ልጻፍሽ? እያንዳንዱን ማሽን ሦስት ሦስት ጊዜ ስትሞክሪ ነበር።"

ሳቋ መጣ፤ ዓይኗም እርጥብ አለ።

"አይተው ነው ሰምተው?"

ጋሽ ጠርጥር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

"አይቼ" አሉ።