የቴፒን መስመር ያጠበብኩ ጊዜ

ቅናት እንደ ጉንፋን የሚያስነጥስ ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን አፍንጫችንን በመሐረብ ይዘን ቢሮ በገባን! ደግነቱ አያስነጥስም፤ ሁላችንም ጤነኛ መስለን ደሞዛችንን እንቀበላለን። እናንተን አላውቅም። እኔን ግን አንዴ ክፉኛ ይዞኝ ነበር፤ ያውም በጎረቤት መኪና ወይም በሰው ትዳር አይደለም፣ በኢንተርኔት መስመር።

ያኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ቅርንጫፋችን ቴፒ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ «የሁለቱን ቢሮዎች ኔትወርክ አገናኝልኝ» ባሉኝ ቁጥር፣ «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ጫካ አቋርጦ ማን ገመድ ይዘረጋል?» እያልኩ ሁለት ዓመት ገፋሁ። ብዙነሽ ግን ገመድ አላስፈለጋትም። ብዙነሽ ቴፒ ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጥራ፣ ማንም ሳያስተምራት ራውተር መነካካት የለመደች የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለው ኢንተርኔት ውስጥ እንደ ቱቦ የሚያሻግር መንገድ አበጅታ ሁለቱን ቢሮዎች አንድ ቤት አደረገቻቸው። እሷ ቴፒ ተቀምጣ ያዘዘችውን እኔ አጠገብ ያለው ፕሪንተር ያትም ጀመር። እያንዳንዱ ወረቀት ብቅ ሲል ምላሱን ያወጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

አቶ ግርማ ለእሷ የባለሙያነት ሹመት ሰጧት። ለእኔ ደግሞ ባንድዊድዝ የምንለውን፣ ማለትም የትኛው ቢሮ ምን ያህል ፍጥነት ያግኝ የሚለውን፣ የማከፋፈል ሥራ። አያችሁ ስህተታቸውን? የቴፒን ድርሻ ቆንጠር አደረግኩ። በማግስቱ ደገምኩ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት ከቴፒ የተላከ የቡና ጥራት ሪፖርት ከሰዓት በኋላ የሚደርሰን ሆነ።

«እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ ጸሐፊነቷ ትመለስ!» አሉ አቶ ግርማ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

በዚያው ቀን ብዙነሽ ደወለች። «ጋሽ ደምሴ፣ እባክህ ና። ያላንተ አይሆንም።»

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ። ምሳ ጋበዘችኝ፤ ለሠራተኛው ሁሉ «ትልቁ ባለሙያችን» እያለች አስተዋወቀችኝ። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ ብዙ ነገር የምመረምር መስዬ፣ የቀማሁትን ድርሻ መለስኩ። ሪፖርቱ በአፍታ ሄደ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የድርሻችንን ቁጥር ስትቀንሰው ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ሰው አለመስማቱን ዞር ብዬ አየሁ። «ታዲያ ለአቶ ግርማ ለምን አልነገርሽም?»

«ያባርሩሃላ! አንተም እንደኔ ልጆች ታሳድጋለህ። መጥተህ ራስህ ብትመልሰው ይሻላል ብዬ ነው።»

ቻው ብላኝ ሄደች። እኔም መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ወደ ሚዛን ተመለስኩ። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በችሎታዋ ነበር፤ እሱስ ቢያንስ ተምረው ይደርሱበታል። አሁን ደግሞ በልቧ ቀናሁባት። ይህን የት ሄጄ ልማረው?

ዓርብ ጠዋት አቶ ግርማ እጄን ጨብጠው የምስጋና ደብዳቤ ሰጡኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? እምቢ ብል ምክንያቱን ሊጠይቁኝ ነው።