ምርጫ የሰለቸው እንግሊዝና እትዬ የሺ

እንግሊዝ ሲሰለቸው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደኛ አያዛጋም። አያጉረመርምም። ትከሻውን ሰበቅ ያደርግና ዝም ይላል፤ አለቀ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት የሰለቸው እንግሊዝ አንድ ብቻ ነው። ምን እንደሰለቸው ብነግራችሁ ደግሞ አታምኑኝም። ምርጫ! የገዛ አገሩ ምርጫ ሰለቸው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። ላጤ ነኝ፤ ምሳዬን የምበላ እትዬ የሺ ቤት ነው። ቤቱ ከሐይቁ ዳር ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ዓሣ ቤት ነው። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይበላል። ዓሣው ይጣፍጣል፤ አልክድም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? እኛን የሚስበን የሴትዮዋ ጨዋታ ነበር። እትዬ የሺ ሰው ሲናገር አፍ አፉን እያዩ ያዳምጣሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ጉርሻህ አየር ላይ ይቀራል።

እንግሊዙ ሄንሪ ይባላል። ፔዳ በሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ያስተምራል፤ በብስክሌት እየመጣ ከእኛ ጋር ይበላል። እትዬ የሺ ሄንሪ ማለቱ አልሆን ቢላቸው ሄኖክ ብለውታል። እሱም ሄኖክ ሲባል አቤት ይላል። አማርኛው ከሰላምታና ከምግብ ስም ስለማያልፍ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ሄንሪ ፊቱ ጥቁር ብሎ መጣ። ምነው ብዬ ጠየቅሁት። አገሬ ምርጫ ሊደረግ ነው አለኝ። ታዲያ ይኸ ያስከፋል ወይ? አልሁት። ትከሻውን ሰበቀ። እንዲህ ያለ አሰልቺ ቅስቀሳ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም አለ። በሬዲዮ ጋዜጠኞች መራጮቹን እየዞሩ ሲጠይቁ ሲያዳምጥ ነው የሰነበተው። አንዲት ሴትዮ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶኛል፣ ሁሉም ያንኑ ነው የሚሉት አለች። አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ደንበኞቼ ስለ ምርጫ ሲያወሩ ሬዲዮኑን ወደ ኳስ አዞረዋለሁ አለ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ፣ ዕጩው ድምፅ ሊለምነኝ መጥቶ በሬን አንኳኳ፤ እራቴን እየበላሁ ስለነበር በሩን ዘጋሁበት አለ።

ይህን ስተረጉም እትዬ የሺ ዓሣውን መገልበጥ ትተው ቀና አሉ።

«በሩን ዘጋበት?»

«አዎ፣ ዘጋበት።»

«በማን ላይ?»

«በዕጩው ላይ።»

«ከዚያስ?»

ሄንሪን ጠየቅሁት። ጥያቄው አልገባውም። ከዚያማ እራቱን በላ አለኝ።

«እሱን አይደለም የምልህ» አሉ እትዬ የሺ። «ሰውየው፣ በር የዘጋው፣ ከዚያ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ቤቱ ነዋ!»

ከጎኔ የተቀመጠው የፋብሪካ ሰው ጣራውን ማየት ጀመረ። እትዬ የሺ ግን ሄንሪን በአዘኔታ ይሁን በቅናት አላውቅም፣ ረዘም አድርገው ተመለከቱት። «ሄኖክ ልጄ» አሉት፣ «ታዲያ ከዚህ ውስጥ የቱ ነው የሰለቸህ?»

ተረጎምሁለት። ሄንሪ የዓሣውን እሾህ መልቀም ጀመረ።

የእኛም ምርጫ ያኔ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው ብሔራዊ ሸንጎ የሚወከል ሰው እንድንመርጥ ሦስት ዕጩዎች ቀርበውልናል። ማን አቀረባቸው አትበሉኝ፤ እኛም አልጠየቅን። አንደኛው ጓድ ከላይ የተላከ ካድሬ ነው። ሁለተኛው ጓድ የማኅበር ሰው ነው፤ አንደኛው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባል። ሦስተኛው ድሬሰር አያሌው ነው። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራ። መርፌ ሲወጋ እጁ እንደ ላባ ነው፤ ተወግተህ ስትጨርስ መቼ ነው የምትወጋኝ ብለህ ትጠይቀዋለህ። ቁጥሩ ሦስት መሙላት ስላለበት ለማሟያ ያስገቡት እንደሆነ ሁላችን ገብቶናል። እሱም ገብቶታል። ስሙ ሲጠራ እንደ በሽተኛ ነው ፊቱ የገረጣ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። አንደኛው ጓድ ተነሥቶ ወረቀት አነበበ። ሁለተኛው ጓድ ተነሥቶ ወረቀት አነበበ። ወዲያው እንዳነበበ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ «ይኸኛውን ቅድም አልሰማነውም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወረቀቱ ያው ነው። አንዲት ቃል እንኳ ዝንፍ አላለችም። የሄንሪ ሴትዮ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶኛል ያለችው፣ እዚህ ብትመጣ ኖሮ እዚያ ይሻለኛል ብላ ትመለስ ነበር።

ተራው የአያሌው ሆነ። ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። አየት አደረገው። ከዚያ አጠፈውና፣ «ጓዶች እኔ የማነበውን አንብበውታል፤ ጊዜያችሁን አልወስድም» ብሎ ተቀመጠ። ጎበዝ፣ ያን ዕለት ለሱ እንደተጨበጨበለት የተጨበጨበለት ሰው አላየሁም!

የቀበሌው ሊቀመንበር እንደ ልማዱ፣ ጥያቄ ያለው አለ? አለ። አባባሉ የመዝጊያ ነው። ኮፍያውን አንሥቶ አድርጎታል እኮ። ከሴቶቹ በኩል ግን እጅ ታየ። ማንን አየሁ? እትዬ የሺን።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ የማውቀው ዓሣ መጥበስ ነው» አሉ። «ግን በእንግሊዝ አገር ዕጩ ቤት ለቤት እየዞረ ይለምናል አሉ። በር የሚዘጋበትም አለ አሉ። እኛ በር አንዘጋም፤ እንግዳ እናከብራለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ብንመርጣችሁና ባትሠሩት የምታፍሩበት ነገር ምንድን ነው?»

ጥያቄውን እዩት እስቲ! ምን ትሠራላችሁ አላሉም። እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ላይ አለ። የምታፍሩበት ነገር ምንድን ነው? መምህር ነኝ፤ በየቀኑ ጥያቄ አወጣለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

አንደኛው ጓድ ተነሥቶ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ። ረዥም ነው። ሁለተኛው ጓድ የአንደኛውን ሐሳብ እደግፋለሁ ብሎ ተቀመጠ። አያሌውም ቅድም ያጠፈውን ወረቀት ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

«እናቶች ከዘጌ ምጥ ይዟቸው በታንኳ ይመጣሉ» አለ። «ከሐሙሲት በኩል በቃሬዛ ይመጣሉ። ስንቀበላቸው የምናስተኛበት አልጋ የለንም። መሬት አንጥፈን ነው። ባለፈው አንዷ፣ ወንድሜ እባክህ ሰው እንዳይረግጠኝ ብላ ለመነችኝ። እትዬ የሺ፣ ብትመርጡኝና ባልሠራው የማፍርበትን ጠየቁኝ። እኔ ሳልመረጥም አፍሬያለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሊቀመንበሩ ስብሰባው አብቅቷል አለ፤ ድምፁ ግን ቅድም የነበረው ድምፅ አልነበረም።

ማግስቱን እትዬ የሺ ቀበሌ ተጠሩ። የእንግሊዝን ወሬ ከየት አመጡት? ተባሉ። ከሄኖክ፣ ዓሣ ከሚበላው አሉ። ማን ተረጎመልዎት? መምህሩ። አልዋሹም፤ እሳቸው መዋሸት አያውቁም። ከሰዓት በኋላ የኔ ተራ ሆነ።

እንዴት እንደፈራሁ ልንገራችሁ? መንገዱን ሁሉ ስለ ክፍል ፈተናዬ እያሰብሁ ለመሄድ ሞክሬ ነበር፤ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልታወሰችኝም። በዚያ ዘመን ስለ ምርጫ ከፈረንጅ ጋር አወራ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ሊቀመንበሩ ወንበር እንኳ አላሳየኝም።

«ያ እንግሊዝ ስለ ምርጫ ምን አለ?»

«አሰልቺ ነው አለ» አልሁ።

ከጠረጴዛው ብድግ አለ። «ስለ የትኛው ምርጫ ነው እንዲህ ያለ?»

«ስለ አገሩ ምርጫ ነው ጓድ ሊቀመንበር! ስለ እንግሊዝ!»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ እየፈካ መጣ። «እንዲህ በል እንጂ! የራሱ ሰው አሰልቺ ነው ብሎ መሰከረ? ሕዝቡ አንቅሮ ተፍቶታል በለኛ!» ወንበር አሳየኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ሐሙስ በውይይት ክበብ «የቡርዡዋ ምርጫ አሰልቺነት» በሚል ርዕስ ንግግር እንዳደርግ ታዘዝሁ።

የውይይት ክበብ እንዴት እንደሆነ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ሰው የሚመጣው የሚቀርበት ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ ቀረ ተብሎ ስሙ እንዳይያዝ ነው። ያን ሐሙስ ግን አዳራሹ ጢም አለ። ከደጅ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ወሬው ቀድሞኝ ኖሯል።

እኔም ታዘዝሁ፤ አሰልቺነቱን ዘረዘርሁ። ዕጩዎቹ በየመንገዱ እየቆሙ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ይጨብጣሉ፣ ምንኛ ውርደት ነው! አልሁ። በየጋዜጣው ጆሯቸውን አስረዝመው፣ አፍንጫቸውን አሳብጠው ይሥሏቸዋል፣ ምንኛ ንቀት ነው! አልሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሳይቀር በአደባባይ ይሰድቧታል፤ ሰዳቢው ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚመርጥ ይመርጣል፤ ያልፈለገ ደግሞ ሰለቸኝ ብሎ ይተኛል።

ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ራሱን ይነቀንቃል። «አይ ጉድ!» ይላል አንዱ። «እንዴት ያለ ብልሹ ሥርዓት ነው!» ይላል ሌላው። ከፊት የተቀመጡት እኚያ የእሑዱ ስብሰባ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ይህ ብልሹነት በደንብ እንዲገባን፣ በሩን የዘጋበትን እስቲ ድገምልን» አሉኝ። ደገምሁት። ለሦስተኛም ጊዜ አስደገሙኝ። ሊቀመንበሩ በጣም ተደሰተ። እትዬ የሺ ከኋላ ሆነው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሱ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ተሰለፍን፣ መረጥን። ማን አሸነፈ? ድሬሰር አያሌው! ካድሬው ወድቆ ማሟያው አለፈ። እንዴት አሳለፉት አትበሉኝ፤ ሦስቱንም ያቀረባቸው ፓርቲው ስለሆነ ማን ቢያልፍ ግድ አልሰጣቸው ይሆናል። ደስታችንን ግን በምን ልንገራችሁ? አንዘፍንም፣ እልል አንልም፤ ግን ያን ቀን ባሕር ዳር ሰው ሁሉ ሲገናኝ ያለ ምክንያት ፈገግ ይላል። የመረጡት ሰው ሲመረጥ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስናት።

በዚያው ሰሞን የሄንሪም አገር ምርጫ አለቀ። ማን አሸነፈ ብለን ጠየቅነው። ያቺው የነበረችው ናት አለ፣ ትከሻውን ሰብቆ። እትዬ የሺ ዓሣውን እየገለበጡ፣ «አይዞህ ሄኖክ፣ ይለመዳል» አሉት።

አያሌው አዲስ አበባ ሄደ፤ ሰንብቶ ተመለሰ። እዚያ ምን ተናገርህ ብንለው አንገቱን ደፋ። እጅ አነሣሁ አለ። ሌላስ? አጨበጨብሁ። በቃ። እኛም አልጨቀጨቅነውም። ባሕር ዳር ግን የሸንጎ አባል የሚለው ስም በር ይከፍታል። በፊት ቀጠሮ እየሰጡ የሚመልሱት ሹሞች አሁን ሲገባ ብድግ ይሉለታል። ያ ስም ያሳፍረው ነበር፤ ግን ተጠቀመበት። ካንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲል፣ ሲለምን፣ ሲያስፈራራም ከርሞ፣ የጤና ጣቢያው መጋዘን ተለቆ የእናቶች ክፍል ሆነ፤ አልጋውም መጣ። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዘጌ በታንኳ የመጣች እናት ልጇን ታቅፋ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝታ ነበር። ከአልጋው ግርጌ አያሌው ቆሞ አንሶላውን ደጋግሞ ያስተካክላል፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አያሌውን ማግኘት ቸገረ። ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ጉባኤ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ። በሱ ቦታ የመጣው ድሬሰር እጁ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ መርፌ ወግቶኝ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያስተማርሁ።

እንደዚያው ቆሜ ምሳዬን ስበላ ነው እንግዲህ እትዬ የሺን ማመስገን ያማረኝ። «እትዬ፣ ያቺ ጥያቄ ባትኖር ያ ሁሉ እናት ዛሬም መሬት ላይ ይተኛ ነበር። እርስዎ ነዎት ያስመረጡት» አልኋቸው።

«እኔ እንኳ አልመረጥሁትም» አሉ።

ጉርሻዬ አየር ላይ ቀረ። «እንዴት?»

«ለካድሬው ነው ድምፄን የሰጠሁ።»

«ለካድሬው! እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

ዓሣውን ትተው አዩኝ፤ ተማሪ ሲሳሳትብኝ እኔ የማይበት አስተያየት ነው። «አንተ ልጅ፣ ተምረሃል አይደል?» አሉኝ። «አዲስ አበባ የተፈለገው እኮ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ለጭብጨባ ደህናውን ሰው ትልካለህ?»