የሁለቱ ታላላቅ ምክር ቤቶች ንጽጽርና የእትዬ ትብለጥ ኤሲ

የላስ ቬጋሱ እድራችን በ2021 ጁላይ ያካሄደውን ታሪካዊ ጉባኤ፣ እኔ ጸሐፊው፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር ለትውልድ አስቀምጣለሁ።

አጀንዳው አንድ ነበር። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ትብለጥ የቤታቸው አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ተበላሽቶባቸዋል። አከራያቸው "በሁለት ሳምንት ይሠራል" ብሏቸዋል፤ ውጪው መቶ አስራ አምስት ዲግሪ ፋራናይት ነው። እድሩ ደግሞ በተከራየው የዕቃ ማከማቻ ስቶሬጅ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ኤሲ አለው። ችግሩ፣ ደንባችን የእድር ዕቃ ከለቅሶ በስተቀር አይወጣም ይላል። ደንቡን ለማሻሻል በዙም ተሰበሰብን።

ሊቀመንበራችን አቶ መዝገቡ ለንደን አስራ አንድ ዓመት ኖረዋል።

"በእንግሊዝ ፓርላማ አሠራር እንሂድ" አሉ። "ብልጫ ያለው ያቀርባል፣ ተቃዋሚው ይጮሃል፣ ያልፋል። አለቀ።"

ሊያልቅ ነበር እኮ! ግን አቶ የሺዋስ ማይካቸውን ከፈቱ። የሚሠሩበት ካዚኖ በኮሮና ዘግቶ ቤት የዋሉ ጊዜ ኮንግረስን በቴሌቪዥን ሲከታተሉ የከረሙ፣ የበሰሉ ሰው ናቸው።

"ይቅርታ፣ የምንኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ረቂቅ ለኮሚቴ ይመራል፣ ሁለት ምክር ቤት ያየዋል። አንድ ሴናተር ካልጣመው በንግግር ብቻ ያቆመዋል። ጥንካሬው እዚያ ላይ ነው።"

"ምኑ ነው ጥንካሬው?"

"ዝም ብሎ አለማለፉ።"

እውነቴን ነው፣ በመልሱ ተደመምኩ። ስለዚህ ኤሲው ይቆየንና መጀመሪያ የትኛው ምክር ቤት ውጤታማ እንደሆነ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋምን።

በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ እትዬ ትብለጥ እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ስክሪኑ ላይ ታዩ። ፊታቸው ቀልቷል።

"ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ኦርደር!" አሉ አቶ መዝገቡ። "በእንግሊዝ ፓርላማ ጥያቄ ረቡዕ ነው፣ እትዬ።"

"ለኮሚቴው ምስክርነት ከሆነ ግን አምስት ደቂቃ አለዎት" አሉ አቶ የሺዋስ።

"ሰው ሲሞት ኤሲው በስንት ምክር ቤት ነው የሚያልፈው?"

"ለለቅሶማ ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል! በሰዓት ውስጥ ይደርሳል" አሉ ሁለቱም እኩል። የሁለቱ ሥርዓቶች የመጀመሪያ ስምምነት ስለሆነ በቃለ ጉባኤው ከሥሩ አሰመርኩበት።

በማግስቱ ቀትር ላይ በእድሩ ግሩፕ መልእክት ገባ። "ትብለጥ ሞታለች። ለቅሶው ቤቷ ነው።" ከራሳቸው ስልክ መላኩን ማንም ልብ አላለም። እኔ አለቀስኩ፤ ያ እርጥብ ፎጣቸው ዓይኔ ላይ መጣብኝ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ኤሲው ደረሱ። ኤሲውን አቶ መዝገቡና አቶ የሺዋስ ራሳቸው ተሸክመው ነበር።

በሩን እትዬ ትብለጥ ከፈቱልን።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አሉን። "መኝታ ቤት አስገቡልኝ።"

ኤሲው መሥራት ሲጀምር አቶ መዝገቡ ላባቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ካልሞቱ ዕቃው ይመለሳል።"

"እንዴት ተደርጎ? ሞታቸው መዝገብ ላይ ሰፍሯል" አሉ አቶ የሺዋስ። "የሚሻረው በሁለት ምክር ቤት ነው።"

"በእንግሊዝ አሠራር በአንድ ድምፅ ብልጫ ዛሬውኑ በሕይወት አሉ!"

ኮሚቴው እዚያው ድንኳን ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ቤቱ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ኤሲው አይነካም። እኔም ለቃለ ጉባኤው ሙሉነት ብዬ የሟችን አስተያየት ልጠይቅ ገባሁ። ጋቢ ደርበው ጋደም ብለዋል።

"የትኛው ይሻላል ይላሉ፣ እትዬ?"

"የአሜሪካው" አሉኝ። "እስከ መስከረም ምንም እንዳያሳልፍ።"