አምሐ ሰማያዊውን ባሕር በአንድ ሪሞት እንደ ተሻገረ

ጧ፣ ጧ፣ ጧ! ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ይህ ድምፅ ነበረ። በኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለው ግቢ፣ ከወይዘሮ ዘመነች ሳሎን ይወጣ ነበረ እንጂ የሚመታውም የሚመታበትም ለጊዜው አልታየም።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ኢንቹ ቴሌቪዥን በሳሎኑ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የወይዘሮ ዘመነች ልጅ አምሐ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ እስኪገኝ ድረስ በሶፋ ላይ የተሾመው፣ በሐሳቡ ሩቅ ተጓዥ በእግሩ ግን ቅርብ አዳሪ የሆነው፣ አሮጌውን ሪሞት በመዳፉ ይመታ ነበረ። ይህ ሪሞት ከፋብሪካ የለበሰውን ላስቲክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያወልቅ የኖረ ሲሆን፣ ድንጋዮቹም ሁለት ጊዜ በጥርስ ተነክሰው፣ ሦስት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው እድሜ የተለመነላቸው ነበሩ። በዚያች ጠዋት ግን ነፍሱ ወጣች። ሲያጣጥርም አንድ ክፉ ሥራ ሠርቶ ሄደ፤ ቴሌቪዥኑን ከዲሹ መስመር አውጥቶ ባዶ መስመር ላይ ጣለው፤ በመስተዋቱም ላይ ሰማያዊ ባሕር ተዘረጋ፣ «ሲግናል የለም» የሚል ቃልም በባሕሩ ላይ እንደ ታንኳ ወዲያና ወዲህ ይንሳፈፍ ጀመረ። የቴሌቪዥኑ የጎን ቁልፎች ተሰባብረው ካለቁ ቆይተዋልና ያለ ሪሞት ከዚያ ባሕር የሚያሻግር መንገድ አልነበረም።

በሌላ ቀን ቢሆን አምሐ ባሕሩን እያየ ሲያልም በዋለ ነበር። በዚያች ቀን ግን፣ ጊዜ ተስዓቱ ሰዓት፣ ማለት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ፣ በደቡብ ስለሚሠራ አንድ ድልድይ ፕሮግራም ይተላለፍ ነበረ፤ በዚያም ውስጥ የጎረቤታቸው የእትዬ ከበደች አንድ ልጅ ማርቆስ፣ የኤክስካቫተር ነጂው፣ እንደሚታይ ደውሎ ተናግሮ ነበር። እትዬ ከበደች ቴሌቪዥን የላቸውም፤ ልጃቸውን በዓይናቸው ካዩትም ሦስት ፋሲካ አልፏል። ስለዚህ በስድስት ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ከሰማያዊው ባሕር ፊት ለፊትም ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«እኔ ግርግር አልፈልግም! የልጄን ፊት አንዴ ልየው፤ ከዚያ ብትፈልጉ በመዶሻ ስበሩት!»

አምሐም ይህን ሰምቶ ተነሣ፤ ወደ ጦር ኃይሎችም ዘመተ። በታክሲው የኋላ ወንበር አራተኛ ሆኖ ጉልበቱን አጥፎ ሄደ፤ ሦስት ሱቅ ዞሮ አጣ፤ በአራተኛው ግን ቴሌቪዥኑንም ሪሲቨሩንም ስፒከሩንም በአንድነት ይገዛል የተባለለትን የሁሉንም ሪሞት ማረከ፣ ሰባ ኮድ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ይዞም በስምንት ሰዓት ተመለሰ።

እርሱ በዘመቻ ሳለ ወይዘሮ ዘመነች ሳሎኑን ለእንግዳ ክብር አሰናድተው ነበር። የአበባውን አቧራ አራገፉ፤ ከሣጥን የማይወጣውን፣ ከሥሩ ነጭ ሳቲን የተገበረውን ታላቁን ዳንቴል አውጥተውም ለቴሌቪዥኑ ደረቡለት፤ ዳንቴሉም እንደ መጋረጃ ግራና ቀኝ ተከፍሎ እስከ ታችኛው ጥግ ወረደ፣ እንዳይንሸራተትም በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ያን ጊዜም አወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ! ይህን ዳንቴል ሦስት ክረምት ዓይኔን አፍስሼ ነው የሠራሁት! ጫፉን የነካ ሰው፣ ልጄም ቢሆን፣ ራቱን ጎረቤት ይብላ!»

አምሐን የተከተለው ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኙ ከአስኮ እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ልጁ በስም የሚያውቀው የታክሲ ሾፌሩ ያደሳ፤ በግራው ሱቁን ዘግቶ የመጣው የድንጋይ አቅራቢው ሽኩር፤ በፊቱ ደቂቅ ጽሕፈት ያለ መነጽር የምታነበው የያደሳ ሚስት ሜቲ፤ በኋላውም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የቆሙ፣ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ምክራቸው ግን ያልተቋረጠ ሰባት ጎረቤቶች።

ከዚህ በኋላ ከበባው ተጀመረ። አምሐ የሪሞቱ ቀይ መብራት እስክትበራ ቁልፉን ይጫናል፣ ሜቲ ኮዱን ትጠራለች፣ እርሱም ቁጥሩን መትቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይወረውራል፤ ባሕሩ ግን አይነቃነቅም። ዐሥር ኮድ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፣ አርባም አለፈ፤ የአምሐ አውራ ጣት ቀላ። ከኋላ ካሉት ሰባቱ አንዱ በድንጋዩ ላይ ቢያጉረመርም ሽኩር ወዲያው አወጀ፦

«ድንጋዩ ዛሬ ከካርቶን የወጣ ነው! በእኔ ድንጋይ የሚያሳብብ ካለ ነገ ስኳር ብሎ እንዳይመጣብኝ!»

እትዬ ከበደች ግን የግድግዳውን ሰዓት አይተው የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልሉ ይፈቱ ነበር። ለዘጠኝ ዐሥር ጉዳይ ሆነ።

ያን ጊዜ ያደሳ ሞባይሉን አውጥቶ የካሜራውን ዓይን በሪሞቱ አፍ ላይ ደቀነ፤ አምሐም ሲጫን በሞባይሉ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ አለ። ያደሳም በታላቅ ድምፅ አወጀ፦

«ኑ እዩ ጎበዝ! ሪሞቱ ይናገራል! ቲቪው ነው የማይሰማው!»

አምሐም ብርሃኑ ወጥቶ ወዴት እንደሚገባ በልቡ ተከተለው፤ ከሪሞቱ አፍ ተነሥቶ፣ ሶፋውን አልፎ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ፣ እስከ ቴሌቪዥኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ሪሞት የምትቀበለው ትንሿ ዓይን እስካለችበት ደረሰ፤ በዚያም ነጩ ሳቲን እንደ ምሽግ ቆሞ አገኘው። እናቱን አየ፣ የሚያጣውን ራት አሰበ፣ ቅዳሜም ምስር እንደ ነበረ አስታወሰ። ከዚያም የእትዬ ከበደችን ጣቶች አየ። ሄዶም፣ በሠራዊቱ ሁሉ ፊት፣ የመርፌ ቁልፉን ነቀለ፤ ዳንቴሉንም እስከ ቴሌቪዥኑ ራስ ገለበጠው።

ወይዘሮ ዘመነች ብድግ አሉ፣ አፋቸውንም ከፈቱ፣ ወደ እትዬ ከበደች ዞር ብለውም አዩ፣ ተመልሰውም ተቀመጡ። አዲስ አዋጅም ወጣ፦

«ዛሬ ብቻ!»

ኮዱን ከመጀመሪያ ለመድገም ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ አምሐ የመጨረሻውን ጥበብ አነሣ፤ ሪሞቱ ኮዱን ሁሉ ራሱ በተራ እንዲሞክር ቁልፉን ተጭኖ ያዘ፤ ቴሌቪዥኑ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ጣት በዚያች ቅጽበት ካልተነሣች ትክክለኛው ኮድ ያልፋልና፣ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። የሰባቱ ምክር እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋረጠ። ባሕሩም ድንገት ጨለመ፤ አምሐም ፍም እንደ ነካ ሰው ጣቱን አነሣ። መልሶ ተጫነ፤ ቴሌቪዥኑ በራ፤ መስመሩን ለወጠ፤ ባሕሩ ተከፈለ፤ ድልድዩም ታየ። ሪሲቨሩና ስፒከሩም ይህን አይተው ያለ ውጊያ ገበሩ።

በዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃም ማርቆስ ቢጫ ቆብ ደፍቶ ወጣ፤ ከስቷል፣ ጢሙንም አሳድጓል። ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሳቀ፣ በእጁ ጀርባም ግንባሩን ጠረገ፤ ሌላም ሰው ተተካ። ሳሎኑ በእልልታ ተናወጠ።

ሠራዊቱም አምሐን በጫንቃው ሊያነሣው ከበበውና ስም አወጣለት፤ መዋዒ ዘኢይትመዋእ፣ ከፋሌ ባሕር ሰማያዊ፣ ፀሐየ ሳሎን፣ ዓቃቤ ሪሞት፣ ድልን ያለ ሰይፍ በአውራ ጣት ያገኘ፣ የእናቱን አዋጅ ስለ እናት የሻረ፣ ከኮልፌ እስከ አስኮ፣ ከአስኮ እስከ ሳንሱሲ፣ ዲሽ በተተከለበት ጣራ ሥር ሁሉ ስሙ የከበረ ይሁን አሉት፤ ሽኩርም ጮክ ብሎ አሜን አለ።

አምሐ ግን ምስጋናውን በግማሽ ጆሮው ነበር የሰማ፤ እትዬ ከበደች ተነሥተው ነበርና። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በር ላይ ከተከመረው ጫማ የራሳቸውን መርጠው ተጫሙ፣ ከግቢውም ወጡ። አምሐም ሪሞቱን እንደ ያዘ በመስኮት በዓይኑ ተከተላቸው፤ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ አለፉት፣ ወደ ኋላም ሳይዞሩ፣ የደቡብ አውቶቡስ ወደሚነሣበት መናኸሪያ ወደሚወስደው ታክሲ ፌርማታ ወረዱ።